ስለታም ክንፍ ወይስ ዶልዱም? ሙቀቱ ሲመጣ

ከድምፅ በላይ ለሚበር ክንፍ የቱ የፊት ጠርዝ ይሻላል፣ ስለታም ወይስ ዶልዱም፣ የሚለው ክርክር መልሱ ሙቀቱ ላይ ነው።

ስለታሙ ላይ ሾክ ዌቩ (ከድምፅ በላይ ሲበር አየሩ በድንገት የሚታመቅበት ሞገድ) ከጠርዙ ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ የአየር ጉተታው ትንሽ ነው። የአሜሪካው ኤፍ-104 ጄት ጠርዙ ከመሳሉ የተነሳ መሬት ላይ ሲቆም ሰው እንዳይቆርጥ መሸፈኛ ይደረግለት ነበር። ማክ 2 (የድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ) ላይ ይሄ አሪፍ ነው። ከፍታ ላይ ያለው -56 ዲግሪ አየር ጠርዙን መትቶ ሲቆም 117 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ አሉሚኒየም ይችለዋል።

ማክ 5 ላይ ግን ወደ 1,000 ዲግሪ ይጠጋል፣ ያኔ አየሩ ራሱ ጠባዩን ይቀይራል፤ ሞለኪውሎቹ ውስጣቸው እየነዘረ ከጉልበቱ ድርሻ ይወስዳሉ፣ ሾክ ዌቩም ወደ ክንፉ ይበልጥ ይጠጋል፣ ስለዚህ የአየሩን የሙቀት አቅም ሬሾ (ግፊቱ ሳይለወጥ አየሩን ለማሞቅ የሚፈጀው ሙቀት፣ ይዘቱ ሳይለወጥ ለሚፈጀው ሲካፈል) ሁሌም 1.4 ነው ብላችሁ አታስሉ። ለገጣፎ መንገድ ዳር ካሉት ብየዳ ቤቶች አንዱ ጋ ቆም ብላችሁ እዩ፤ እሳት ሲነካው ቀድሞ የሚቀላው የላሜራው ቀጭን ጫፍ ነው፣ ወፍራሙ ገና ጥቁር ነው። የስለታሙ ክንፍ ጠርዝም እንደዚያው፣ ሙቀቱ የሚሸሽበት ቦታ የለውም።

ዶልዱሙ ሾክ ዌቩን ከፊቱ ገፍቶ ያርቀዋል፤ አብዛኛው ሙቀት አየሩ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህን ያሳየው አሜሪካዊው የበረራ መሐንዲስ ጁሊያን አለን ነው። የጠርዙ ራዲየስ 4 እጥፍ ሲያድግ ጫፉ ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል። ጉተታው ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ እስከ ማክ 3 ስለታሙን እመርጣለሁ። ከጠፈር ለሚመለስ ግን ያለጥርጥር ዶልዱሙን፣ እዚያ ጉተታው ራሱ ፍሬን ነው።