ጎማ ማስበጣት ወይስ የተበጣ መግዛት?

በጎማ ጥርስ ላይ በስለት የሚበጣው ቀጭን መስመር ከጎማው ቅንጣት አይቀንስም፤ ጥርሱን ይከፍለዋል እንጂ። የመኪናው ክብደት ሲያርፍበት ብጣቱ ይከፈትና አዲስ ጠርዝ ይሆናል። ያ ጠርዝ እርጥብ አስፋልትን፣ እርጥብ ድንጋይንና በረዶን ይነክሳል። ለጭቃ ግን አይጠቅምም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ጎማውን ሊያስበጣ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ባደረ ማግስት ስለሆነ ነው።

የበቾን ወይም የቢቸናን ዋልካ በሐምሌ የሞከረ ነገሩን ያውቀዋል። አፈሩ በጥርሶቹ መካከል እየተለጠፈ ጎማውን እንደ ድቡልቡል ድንጋይ ያለሰልሰዋል። እዚያ የሚያስፈልገው ጠርዝ ሳይሆን ባዶ ቦታ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ ሰፊ የሆነ ጎማ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋል። ፀጉር የመሰለ ብጣት ግን በመጀመሪያው ዙር ይደፈናል። በጋለ ስለት እየፈለፈሉ ቦዩን ማስፋት ሌላ ሥራ ነው፤ ጭቃ ላይ ያግዛል፣ ጥርሱን ግን ያመነምነዋል።

እንግዲህ ምርጫው የት እንደሚነዱ ይወስነዋል። ጎኑ ላይ «ኤምቲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የጭቃ ጎማ ጥርሶቹ ትልልቅና ድፍን ናቸው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በዝናብ ሲወርዱበት፣ ፍሬን የያዙበትና የቆሙበት ቦታ ይራራቃል። የመሃል ጥርሶቹን ማስበጣት ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በወርዱ የተበጣው ለመነሳትና ለመቆም፣ በርዝመቱ የተበጣው ወደ ጎን ላለመንሸራተት ይረዳል። ጉዳቱ የሚታየው ጠጠር ላይ ነው፤ የተበጣ ጥርስ ስለታም ድንጋይ ሲያገኘው እየተቆረሰ ይወድቃል። ወደ ኤርታ አሌ የሚወስደውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያስቡት። የጎማው ዋስትናም በአብዛኛው ስለቱ ያረፈበት ዕለት ያበቃል።

ለሁሉም መንገድ የሚሆነው «ኤቲ» ብጣቱ ፋብሪካ ውስጥ ጎማው ቅርጽ ሲይዝ አብሮ የወጣ ነው። በብዙዎቹ ላይ የብጣቱ ግድግዳ ሞገድ የመሰለ ስለሆነ፣ ፍሬን ሲያዝ ሁለቱ ወገኖች ይቆላለፋሉ፤ ጥርሱም አይልፈሰፈስም። ጎሚስታ በእጁ የሚያወጣው ቀጥ ያለ ብጣት ይህ መቆላለፍ የለውም። ለእኔ ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው።

ስለዚህ አብዛኛውን ቀን አስፋልትና ጠጠር ላይ ለሚውል ፒክ አፕ ኤቲ እገዛለሁ፤ ዋልካው ሲመጣ ሰንሰለት አስሬ እገባለሁ። ኑሮው ዋልካ ላይ የሆነ ኤምቲ ይግዛ፤ ስለትም አያስነካው። ኤምቲውን አስቀድመው ገዝተው ከተማ ውስጥ የሚያንሸራትትዎት ከሆነ ያስበጡት፤ የዳር ጥርሶቹ ግን አይነኩ፤ ብጣቱም ከቦዩ ወለል ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ሲቀረው ይቁም።

ያገለገለ ጎማ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ጣትዎን ይክተቱ። የመበላት ምልክት የሆኑት፣ 1.6 ሚሊሜትር ከፍታ ያላቸው ጉብታዎች በስለት ተቆርጠው ከሆነ፣ ጎማው ካለቀ በኋላ እንደገና ተፈልፍሏል። ለዚህ ታስበው የተሠሩ አንዳንድ የጭነት መኪና ጎማዎች አሉ፤ እንደገና መፈልፈል እንደሚቻልም ጎናቸው ላይ ተጽፏል። የፒክ አፕ ጎማ ሲሆን ግን በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት።