ባንክራፕሲ ፎርም የሚሞላው ሰውዬ፦ ከ5 ኮከብ 1

ስሙን አልጠራም፣ ለሌላ ክስ አቅም የለኝም። ግን ሜሪላንድ ያላችሁ ሰዎች እንጀራ ልትገዙ ስትገቡ ግድግዳው ላይ ከሚከራይ ክፍልና ከሹሩባ ማስታወቂያ መሀል "ባንክራፕሲ እንሞላለን ጠበቃ አያስፈልግም" የሚል ወረቀት ካያችሁ፣ ስልኩን ከመቅደዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። (ባንክራፕሲ ማለት መክፈል ላቃታችሁ እዳ በፍርድ ቤት በኩል እልባት ማግኘት ነው።)

የኔ ጉዳይ የተለየ አይደለም። ሆም ኬር ነው የምሰራው፣ አምና ወገቤን ታምሜ ሶስት ወር ተኛሁ፣ ቤት ኪራዩን በክሬዲት ካርድ፣ ካርዱን በሌላ ካርድ ስከፍል ከርሜ 31,000 ዶላር ደረስኩ። አንዱ ካርድ ከሰሰኝ፣ ተፈረደብኝ፣ ደሞዜን ሊቆርጡ ወረቀት መጣ። ሰውዬው ጋ የሄድኩት በዛ ድንጋጤ ነው። "አይዞሽ እህቴ፣ ቻፕተር 7 ነው የሚሻልሽ፣ በሶስት ወር ነፃ ትወጫለሽ" አለኝ። (ቻፕተር 7 እዳ የሚያሰርዘው የባንክራፕሲ አይነት ነው።) 400 ለራሱ፣ 338 ለፍርድ ቤት፣ ሁለቱንም በካሽ ተቀበለኝ። ደረሰኝ ስለው ሳቀ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ እዛው ተነስቼ እወጣ ነበር። ጠበቃ ያልሆነ ፎርም ሞይ የሚፈቀድለት እኛ ያልነውን ታይፕ ማድረግ ነው። ይሄ ቻፕተር ይሻልሻል ብሎ መምከር አይችልም፣ የፍርድ ቤቱን ክፍያ በእጁ መቀበል አይችልም፣ የሞላው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ መፈረም ደግሞ ግዴታው ነው። የኔው ሰውዬ ሶስቱንም ገለበጣቸው። ፊርማው ጋ ስንደርስ "እዚጋ ራስሽ እንደሞላሽው እናድርገው፣ ላንቺም ይቀላል" አለኝ። ፈረምኩ፣ ምን አውቄ።

ክሬዲት ካውንስሊንግ የሚባል ኮርስ አለ፣ ፋይል ከማድረጋችሁ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ መወሰድ አለበት፣ በስልክም በኦንላይንም ይሆናል፣ እኔ 25 ዶላር ነው የከፈልኩት። ሰውዬው "እሱ በኋላም ይደርሳል" አለኝ። አይደርስም!! ፋይል ባደረግን በአራተኛው ቀን ወሰድኩት፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ደግሞ ቀኑ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ከፍርድ ቤት ደብዳቤ መጣ፣ ፎቶ አንስቼ ላኩለት፣ "እነሱ ሁሌ ይልካሉ፣ ተያቸው" አለኝ። ሁለተኛው ሲመጣ ኩሽና ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ልጄ ከፍታ ዝም ብላ አነበበችና "እማ ዲስሚስድ ይላል" አለችኝ፣ ፋይሉ ውድቅ ሆኗል ማለት ነው። 338ቱ አይመለስም። የሚቀጥለው ደሞዜ ተቆርጦ መጣ።

ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ምንም አይደል ደግመን እናስገባለን"፣ ሌላ 400። ያልነገረኝ ነገር ደግሞ አለ፣ አንዴ ዲስሚስ ከተደረገ በኋላ በአንድ አመት ውስጥ ደግማችሁ ፋይል ካደረጋችሁ አበዳሪዎቹን የሚያስቆመው እገዳ የሚሰራው ለ30 ቀን ብቻ ነው። እንዲራዘም ዳኛውን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ያውም 30ው ቀን ሳያልቅ ችሎቱ ተሰምቶ። ይሄንን የነገረኝ በነፃ ያነጋገረኝ ጠበቃ ነው። የሜሪላንድ ባንክራፕሲ ፍርድ ቤት ዌብሳይት ላይ ዴብተር አሲስታንስ ፕሮጀክት የሚል አለ፣ ከፈቃደኛ ጠበቃ ጋር ግማሽ ሰዓት ያገናኛሉ። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ እኔ ግድግዳ ላይ ወረቀት ስቀድ ነበር።

ከዛ የቤተክርስቲያን ጓደኛዬ አንድ ናይጄሪያዊ ጠበቃ አገናኘችኝ፣ 1,500 ዶላር፣ በቅድሚያ። (ቻፕተር 7 ላይ ቀድመው የሚቀበሉት ወደው አይደለም፣ ቀሪ ካለ እሱም እዳ ሆኖ አብሮ ይሰረዛል።) ለሱ 4 ኮከብ ነው የምሰጠው፣ ስልክ አያነሳም፣ ቢሮው ጋ ፓርኪንግ የለም፣ ፈገግታ የሚባል አያውቅም። ግን ይጠይቃል። ሰውዬው ሃያ ደቂቃ የፈጀበትን ፎርም እሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠይቀኝ ዋለ።

"ከዘመድ ተበድረሽ የመለስሽው አለ?" አለኝ። ታክስ ሪፈንዴ እንደገባ ለወንድሜ 3,000 መልሼለት ነበር፣ ጥሩ ነገር የሰራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነገርኩት። ለካ ፋይል ከማድረግ በፊት ባለው አንድ አመት ውስጥ ለቤተሰብ የተከፈለ እዳ ካለ ትራስቲው (ፋይላችንን የሚመረምረውና ለአበዳሪዎች ገንዘብ የሚፈልገው ሰው) ከወንድሜ ላይ ሊያስመልሰው ይችላል። ቀኑን ቆጠረ፣ 11 ወር አልፎታል፣ ደሞዝሽ ቢቆረጥም አምስት ሳምንት ታገሺ አለኝ። ታገስኩ፣ ሁለት ደሞዝ አስቆርጬ። ለእናቴ በየወሩ የምልከው 100 ዶላርም ተጻፈ፣ በሁለት አመት ውስጥ ለአንድ ሰው ከ600 በላይ የሰጣችሁት ስጦታ ይጠየቃል።

ሌላ የሚመጣልሽ ገንዘብ አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና "እኛ ኤሱሱ እንለዋለን፣ እናንተስ?" አለኝ። እቁቤን! 20 ሰው፣ በወር 200፣ 11 ወር ጥዬ ገና አልወጣልኝም። እዳ ውስጥ ሆነሽ እቁብ ትጥያለሽ ወይ እንዳትሉኝ፣ እቁብ አቋርጦ ሰው ፊት እንዴት ይቆማል። ለካ ያ ንብረት ነው፣ መጻፍ አለበት። ቀድሞ ለወጣለት ሰው ደግሞ ቀሪው እዳ ሆኖ ይጻፋል። ሜሪላንድ ውስጥ ጥሬ ገንዘብንም የሚሸፍን እስከ 6,000 ዶላር ከለላ ስላለ ማንም አልነካውም፣ ሳይጻፍ ቢገኝ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። የመጀመሪያው ፎርም ላይ እቁብ የሚል ቃል የለም፣ ታች ደግሞ ሁሉም እውነት ነው ብዬ በመሃላ ፈርሜያለሁ። ያኔ ዲስሚስ መደረጉን እግዚአብሔር ይስጠው ማለት ጀመርኩ።

ሁለተኛው ፋይል ገባ፣ ዳኛው እገዳውን አራዘመልኝ። ትራስቲው የሚጠይቅበት ስብሰባ በዙም ነበር፣ በነፃ በስልክ አስተርጓሚ ያመጣሉ፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ስምንት ደቂቃ ነው የፈጀው፣ ከሱ ውስጥ ሶስቱን የበላው አስተርጓሚው እቁብ ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ነው። አበዳሪ አንድም አልመጣም። ሁለተኛ ኮርስም አለ፣ ከዚህ ስብሰባ ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ፣ እሱን ያን ቀን ማታውኑ ጨረስኩት፣ ተምሬያለሁ። ከሁለት ወር ምናምን በኋላ የእዳ ስረዛው ወረቀት በፖስታ ደረሰኝ። ክሬዲቴ ላይ 10 አመት ይቆያል፣ ይቆይ።

አንዱን ኮከብ ለሰውዬው ለምን ሰጠሁ? ዜሮ አይቀበልም። ባለፈው ሳምንት ብሬን መልስ ብዬ ደወልኩለት፣ ዘጋብኝ፣ ማታ በዜል 50 ዶላር ላከልኝ፣ ማስታወሻው ላይ "ለቡና" ብሎ ጽፎበታል።