ለልጅ የእጅ ሥራ ሳጥን፦ ዝግጁውን እንግዛ ወይስ ከጅማ ገበያ ቤት እናዘጋጅ?

ነሐሴ ሲጋመስ ወላጁም አክስቱም አጎቱም ለእንቁጣጣሽ ለልጅ ምን እንደሚሰጡ ማሰብ ይጀምራሉ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ልጆችን ከሰዓቱን ሙሉ ቤት ያስቀራቸዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚስሉበት፣ የሚቆርጡበትና የሚለጥፉበት ነገር የሞላበት ሳጥን ከብዙ መጫወቻ ይበልጣል። ግን ሳጥኑ ከየት ይምጣ? ከሱቅ ታሽጎ የሚሸጠውን መግዛት ይቻላል። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ ከሂርማታ ገበያና ከቤት ቁርጥራጭ አሰባስቦ ማዘጋጀትም ይቻላል።

ከ4 እስከ 10 ዓመት ላለ የጅማ ልጅ ቤት የሚዘጋጀውን እመርጣለሁ። የመረጥኩት ስለሚረክስ አይደለም። ጥሩ መቀስና ጥሩ ከለር ከተገዛበት፣ በዋጋ ከዝግጁው ጋር ሊቀራረብ ይችላል። የመረጥኩት ያለቀው ነገር በሚቀጥለው ሐሙስ ገበያ ስለሚተካ ነው። ልጅ እጁ ሥራውን የሚለምደው ደጋግሞ ሲሠራ ነው፤ ለመድገም ደግሞ ዕቃው መገኘት አለበት።

ዝግጁው ሳጥን

መልካም ጎኑን አልክድም። ክዳኑ ላይ ያለቀለት ሥራ ፎቶ ስላለ፣ ባዶ ወረቀት ፊቱ ሲቀመጥ «ምን ልሥራ?» ብሎ የሚጨነቅ ልጅ ወዲያው መንገድ ያገኛል። የጨሌው ቀዳዳ እኩል ነው፣ ክሩ በልክ ተቆርጧል፣ እናንተም ግማሽ ቀን አትደክሙም። ልደት ነገ ከሆነና ዛሬ የሰማችሁ ከሆነ ይህንኑ ግዙ።

ችግሩ ከተከፈተ በኋላ ይመጣል። ካርቶኑ ትልቅ ሆኖ ውስጡ አብዛኛው የፕላስቲክ ማስቀመጫ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በመጠኑ አትፍረዱ፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን የዕቃ ብዛት አንብቡ፣ ካልተጻፈም ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከፍታችሁ እዩ። መመሪያው ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ስለሆነ፣ ሥዕሉ ብቻውን ደረጃ በደረጃ የማያሳይ ከሆነ ልጁ የእናንተን ዓይን እያየ ይቀመጣል። ውስጡ ያለው ሙጫ መጋዘን ውስጥ ቆይቶ ደርቆ ሊገኝ ይችላል። ከሁሉም የሚያናድደው ግን አንዲት ቁራጭ ከጠፋች ሥራው መቆሙ ነው። ያችን ቁራጭ ለብቻዋ የሚሸጥላችሁ ሰው ጅማም የለም፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴም አይኖረውም።

ስትገዙ አንድ ምልክት ፈልጉ፤ በክብ ውስጥ የሕፃን ፊትና 0-3 የሚል ቁጥር ተስሎ የተሰረዘበት። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው። ክብ ጠፍጣፋ የሰዓት ባትሪ ወይም ትናንሽ ማግኔት ያለበትን ሳጥን ደግሞ ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት በጭራሽ አታስገቡ። ሁለት ማግኔት የተዋጠ እንደሆነ ሆድ ውስጥ ተሳስቦ አንጀት ይበሳል፤ ባትሪውም ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል።

ቤት የሚዘጋጀው

ከሳጥኑ እንጀምር። የጫማ ካርቶን ሁሉም ሰው ቤት አለ፤ ነገር ግን ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ብዙው የጫማ ካርቶን ውስጥ ተዘርግቶ አይገባም፣ ጠርዙ ይታጠፋል። ወረቀት ይዛችሁ ለኩ። የቦት ጫማ ካርቶን ይበቃል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ከተገኘ ለጅማ አየር ከሁሉም ይሻላል፤ በክረምት ወረቀት እርጥበት ስቦ ይልፈሰፈሳል፣ ካርቶንም መሬት ላይ ካደረ ከታች ይሻግታል። ካርቶን ከሆነ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሉና ሳጥኑን መደርደሪያ ላይ አድርጉ።

ገንዘባችሁን መቀስና ከለር ላይ አውጡ። መቀሱ ጫፉ ድፍን፣ ስለቱ ግን በእውነት የሚቆርጥ ይሁን። የማይቆርጥ መቀስ ልጅን ያስጨንቃል፤ ወረቀቱን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ልጁም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። መደብሩ ውስጥ ወረቀት ቆርጣችሁ ሞክሩት። ልጁ ግራኝ ከሆነ በግራ እጃችሁ ይዛችሁ ሞክሩ። ከለር ባለ 24 ከሚሆንና ጫፉ እየተሰበረ መቅረጫ ውስጥ ከሚያልቅ፣ ደህናው ባለ 12 ይበቃል። ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ክሬዮን የሚባለው የሰም ከለር ይመረጣል፤ አይቀረጽም፣ ክዳኑ ተረስቶ እንደሚደርቀው ማርከርም አይበላሽም። ከዚያ ማኒላ ወረቀት፣ ላጲስ፣ ማስመሪያና ነጭ ኮላ ጨምሩ። ማስቲሽና ሱፐር ግሉ ግን የልጅ ሳጥን ውስጥ ቦታ የላቸውም። የማስቲሽ ሽታ ራስ ያዞራል፤ ሱፐር ግሉ ደግሞ ጣትን ከጣት ያጣብቃል።

እነዚህ ዕቃዎች በሙሉ እንደ ዝግጁው ሳጥን ከአዲስ አበባ ተጭነው የመጡ ናቸው፤ በዚህ በኩል ልዩነት የለም። ልዩነቱ ጅማ ራሷ የምትጨምረው ላይ ነው።

እንጨት ቤቶች ዘንድ ሂዱ። ጅማ በበርጩማዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ናት፤ የዋንዛ ቁርጥራጭ ከመጋዙ ሥር ተከምሮ ታገኛላችሁ። «ጋሼ፣ ለልጅ መጫወቻ የሚሆን ሹል ያልሆነ ቁራጭ ይኖራል?» ካላችሁ ባዶ እጃችሁን አትመለሱም። መዳፍ የምታህል ቁራጭና ግማሽ ገጽ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ7 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ትልቅ ሥራ ነው። የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለች ቁራጭ ተሰጥቷት ደጋግማ ስትፈገፍግ ዋለች፤ የእንጨቱ ቡናማ መስመር እየጎላ ሲመጣ ጉንጯ ላይ አድርጋ «እይ፣ ለስላሳ ሆነ» አለችኝ። የትኛውም ካርቶን ላይ ፎቶው ያልታተመ ሥራ ነበር። አቧራው ዓይንና አፍንጫ ውስጥ እንዳይገባ በረንዳ ላይ አሠሯቸው።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ደግሞ የየቀለሙ ጨርቅ ቁርጥራጭ አለ፤ ቁልፍም ተርፎ ይገኛል። ሂርማታ ላይ ሐሙስ ዋናው የገበያ ቀን ስለሆነ ክር፣ ጨሌና አለላ የምትመርጡት ያን ቀን ነው። አለላና ወስፌ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሁን፤ ስፌት የሚያውቅ ትልቅ ሰው አጠገቡ ከሌለ ወስፌው ጣት ይወጋል፣ ልጁም ሥራውን ይጠላዋል። አያት ቤት ካሉ ግን ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ ስጦታው ለሁለቱም ይሆናልና።

ለትንንሾቹ ሊጥ አዘጋጁ። 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና እስከ 1 ኩባያ የሚደርስ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ማሸት ነው። እርድ ጣል ካደረጋችሁበት ቢጫ፣ የቀይ ሥር ውሃ ከተጠቀማችሁ ሐምራዊ ይሆናል። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ጨው የበዛበት ስለሆነ ልጅ እንዳይበላው አይታችሁ ስጡ። ለወረቀት የሚሆን ሙጫም እንዲሁ ቤት ይሠራል፤ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ እሳት ላይ እያማሰሉ ማወፈር ብቻ ነው። ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ለ2 ቀን የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። እንጨትና ጨርቅ ለማጣበቅ ግን አይሆንም፤ ለዚያ ኮላው አለ።

ከዛፍ ሥር የሚለቀም ፍሬ

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ቤት የሚዘጋጀው ሳጥን ከዝግጁው የሚያንስበት ቦታ ቢኖር ይኸው ነው፤ ማንም አልመረመረውም፣ መርማሪው እናንተ ናችሁ። ጅማ አካባቢ የሚያምር ፍሬ ሞልቷል። የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉርና አንጸባራቂ ስለሆነ ለሐብል ያማልላል፤ ውስጡ ግን ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ፣ የታኘከ ፍሬ ልጅን ሊገድል ይችላል። ብርብራ ድሮ ዓሣ ለማደንዘዝ ወንዝ ላይ ይበተን የነበረ ፍሬ ነው። የቆርች ቀይ ፍሬም መርዝ አለው። ሦስቱም ሳጥኑ ውስጥ አይግቡ።

በምትካቸው የደረቀ የዱባ ፍሬ ወይም ያልተቆላ ቡና አድርጉ። በቆሎ ያምራል፣ ግን ይነቅዛል፤ ክረምት ላይ ሳጥኑን በነቀዝ ይሞላዋል። ይህም ቢሆን ከ3 ዓመት በታች ልጅ በሌለበት ቤት ነው። ያነቀው ልጅ ብዙውን ጊዜ የታላቁን ዕቃ ያነሳ ታናሽ ስለሆነ፣ የስጦታው ባለቤት 8 ዓመቱ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። በዓይን መለኪያ ከፈለጋችሁ የሶፍት ወረቀት መሐል ያለው ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለትንሽ ልጅ ያሰጋል።

ታዲያ ለማን የቱ?

ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ዝግጁውም ቤት የተሰናዳውም ሳጥን ይቅር፤ ሊጡና ወፍራም ክሬዮኑ ከእናንተ ጋር ሆኖ ይበቃዋል። ከ4 እስከ 6 ቤት የተሰናዳው። ከ7 እስከ 10ም እሱኑ እላለሁ፤ መርፌና ክር፣ እንጨትና ብርጭቆ ወረቀት ተጨምሮበት። 11 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ኪሮሽ ወይም ስፌት ከጀመረ፣ አንድ ሥራ ላይ ያተኮረ ዝግጁ ሳጥን ከብዙ ዓይነት ድብልቅ ይጠቅማል። ለሩቅ ዘመድ በመኪና የምትልኩ ከሆነም ዝግጁው ይሻላል፤ ሊጡ መንገድ ላይ ይደርቃል፣ ኮላውም ይፈስሳል።

ሁለቱን መቀላቀልም ይቻላል። አንድ ትንሽ ዝግጁ ዕቃ፣ ለምሳሌ የጨሌ እሽግ ገዝታችሁ በቤቱ ሳጥን መሐል ብታስቀምጡት፣ ልጁ በሥዕሉ ጀምሮ ወደ ራሱ ሐሳብ ይሻገራል። መመሪያውን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ ልጁ በሚያነበው፣ በእጃችሁ ጽፋችሁ ክዳኑ ውስጥ ለጥፉለት።

ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ሳጥኑን እስከ ጳጉሜን 1 አታቆዩት። ልጆች አበባና መላእክት ስለው በዓሉ ጠዋት ለጎረቤት የሚያድሉት እነሱ ስለሆኑ፣ ወረቀቱና ከለሩ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እጃቸው ቢገባ ለመሳል ይደርሳሉ። ማኒላውን በአራት በአራት ቆርጣችሁ አዘጋጁላቸው፤ አንድ ገጽ አራት ጎረቤት ይደርሳል።