ፎርማት አልሆን ላለ ሚሞሪ፦ ኤስዲ ሜሞሪ ካርድ ፎርማተር ምን ያህል ያዋጣል?

ዊንዶውስ ፎርማቱን መጨረስ አልቻልኩም ሲል ብዙው ሰው ሚሞሪውን ጥሎ ሌላ ይገዛል። ከዚያ በፊት መሞከር ያለበት ኤስዲ ሜሞሪ ካርድ ፎርማተር ነው። የኤስዲ ካርድን ደረጃ የሚያወጣው ኤስዲ አሶሲዬሽን በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀመጠው ሲሆን በዊንዶውስም በማክም ይሠራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሌሎች ፍላሾችን ንቀሉ፣ ሚሞሪውን በካርድ ሪደር ሰኩ፣ ፕሮግራሙን ክፈቱ፣ የድራይቩን ፊደልና መጠኑን አረጋግጡ፣ ኩዊክ ፎርማትን መርጣችሁ ፎርማት የሚለውን ተጫኑ። ካርዱን በሙሉ በላዩ ጽፎ የሚያጠፋው ኦቨርራይት የሚለው ምርጫ ካርዱን ለሌላ ሰው ለምትሰጡበት ቀን ይቆይ። በሴኮንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 64 ጂቢ ካርድ ላይ ከአንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ በላይ ይፈጃል።

ፕሮግራሙ ዋጋውን የሚያሳየው በፓርቲሽን፣ ማለትም ለየብቻ በሚታዩ ክፍሎች፣ የተከፋፈለ ካርድ ሲያጋጥም ነው። ራስቤሪ ፓይ በሚባለው በሊኑክስ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሠራ 32 ጂቢ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ያለው ሊመስል ይችላል፤ ዊንዶውስ የሊኑክሱን ክፍል ማንበብ ስለማይችል። ራይት ክሊክ አድርጎ ፎርማት ማድረግም ያችኑ ትንሽ ክፍል ብቻ ያጸዳል። ይህ ፕሮግራም ግን ካርዱን በሙሉ አንድ ፓርቲሽን አድርጎ ይመልሰዋል። በዲስክፓርት፣ ማለትም ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው የዲስክ መሣሪያም ይቻላል፤ ነገር ግን እዚያ የዲስክ ቁጥር ተሳስቶ ክሊን (አጽዳ) የሚለውን ትእዛዝ የሰጠ ሰው ሌላ ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ሊያጣ ይችላል።

ድክመቱ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች ካርዱ ላይ የሚደራጁበትን ዘዴ፣ አያስመርጥም። ከ4 እስከ 32 ጂቢ ፋት32፣ ከዚያ በላይ ኤክስፋት ያደርጋል፤ በቃ። ለካሜራ ትክክል ነው። ለርካሽ ስፒከር፣ ለመኪና ቴፕና ለቁልፍ ስልክ ግን ችግር ነው፤ አብዛኞቹ የሚያነቡት ፋት32 ብቻ ስለሆነ 64 ጂቢው ሚሞሪ ዝም ይላቸዋል። ለዚህ የሚያዋጣው ሩፉስ የሚባለው ሌላ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፦ ቡት ሴሌክሽን ላይ ነን ቡተብል፣ ፋይል ሲስተም ላይ ላርጅ ፋት32። ፋት32 አንድ ፋይል 4 ጂቢ ከሞላ አይቀበልም፤ ረጅም ፊልም አልኮፒ ሲል ሚሞሪው ተበላሸ እንዳትሉ።

"ራይት ፕሮቴክትድ" የሚል መልእክት ከመጣ ፕሮግራሙን ከመውቀስ በፊት ትንሹ ካርድ የሚገባበትን አዳፕተር ጎን እዩ። ትንሿ መቆለፊያ ከካርዱ ሰርኪዩት ጋር ምንም ግንኙነት የላትም፤ የት እንዳለች የሚያየው ሪደሩ ነው። ስለዚህ ላልታ ከምትንሸራተት ወይም ከተሰበረች ደህናው ሚሞሪ የተቆለፈ ይመስላል። አዳፕተርና ሪደር ቀይሩ። በሁሉም ላይ ከተቆለፈ፣ ወይም ፎርማቱ "ተጠናቀቀ" ካለ በኋላ ነቅላችሁ ስትሰኩት የድሮዎቹ ፎቶዎች እንዳሉ ከመጡ፣ ካርዱ አርጅቶ መጻፍ አቁሟል። ዲስክፓርትም አያድነውም። ፋይሎቹን ገልብጡና ጣሉት።

አንድሮይድ ስልክ ላይ "ኢንተርናል ስቶሬጅ" ተብሎ የተዘጋጀ ሚሞሪ ደግሞ ሌላ ነው። ይዘቱ የተመሰጠረ ስለሆነ ከዚያ ስልክ ውጭ አይከፈትም፤ ኮምፒውተሩም ፎርማት ላድርገው ይላል። እሺ ካላችሁ ይሠራል፣ ፎቶው ግን አይመለስም። መጀመሪያ ካርዱን ወደ ስልኩ መልሳችሁ ፎቶውን አውጡ። በተለመደው ኩዊክ ፎርማት በስህተት የጠፋ ፋይል ግን፣ ካርዱ ላይ አዲስ ነገር ካልተጻፈ፣ በሪከቨሪ ፕሮግራም የመገኘት ዕድል አለው።

ፎርማተሩ ፈጽሞ የማይይዘው ነገር የተጭበረበረ መጠን ነው። 64 ጂቢ በዊንዶውስ 59.6 አካባቢ ማሳየቱ ማጭበርበር አይደለም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ማጭበርበር የሚሆነው 8 ጂቢ የሆነው ካርድ 64 ነኝ ብሎ ሲዋሽ ነው፤ ፎርማተሩ የተነገረውን ያምናል፣ ፎርማቱም ያምራል፣ ከ8 ጂቢ በኋላ የተጫነው ቪዲዮ ግን አይከፈትም። ይህን ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራም ያጋልጠዋል፤ ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ3 አለ። ከመርካቶም ሆነ ከሌላ ቦታ ሚሞሪ የገዛ ሰው ይህን በዚያው ቀን ቢያደርገው ይሻላል፣ ሱቁ ሳይረሳው።