ያጌጠ ተጎታች ወይስ የሱቁ መኪና?
እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ለጁላይ 4 የነጻነት በዓል ሰልፍ የሚወጣ ነጋዴ ሁለት ምርጫ ነበረው። ቀላሉ የዕለት ሥራ መኪናውን ማሰለፍ ነው፤ የወተት ወይም የዳቦ ማከፋፈያው ይታጠባል፣ ባንዲራ ይታሰርበታል፣ በቃ። የሱቁ ስም በሩ ላይ ተጽፏልና ወጪው ኢምንት ነው።

ሌላው ያጌጠ ተጎታች መሥራት ነበር። ከገበሬ የተዋሱትን የድርቆሽ ጋሪ በዶሮ ቤት መከለያ ሽቦ ይሸፍኑታል፤ በእያንዳንዷ ቀዳዳ ባለቀለም ስስ ወረቀት እየጠቀጠቁ አበባ ያስመስሉታል። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ያመሽበታል፤ ዝናብ ከመጣ ግን ቀለሙ ይለቅና ልፋቱን ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ቢሆንም እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። መኪናውንማ ሰው በየማለዳው ደጁ ያየዋል፤ ተጎታቹ ላይ ግን የጎረቤቱ ልጅ ቆማ ከረሜላ ትበትናለች። ረዳት ለሌለው ባለሱቅ ብቻ መኪናው ይሻላል።