ክሪዮን 25,000፦ የቆሽት ካንሰር ለሚያከሳው ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

የቆሽት ካንሰር ያለበትን ሰው የሚያስታምም ቤተሰብ በጣም የሚጨነቀው ሕመምተኛው እየበላ ሲከሳ ነው። ገንፎው በቅቤ ይቀርባል፣ ሾርባው ይደገማል፣ ሚዛኑ ግን ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ምግቡ አለመፈጨቱ ነው። ቆሽት (ከጣፊያ ጋር አይምታታ) ቅባትን፣ ፕሮቲንንና ስታርችን የሚፈጩ ኢንዛይሞች ያመነጫል። ዕጢው ቱቦውን ሲዘጋው ወይም ቆሽቱ በቀዶ ሕክምና ሲቆረጥ ኢንዛይሙ አንጀት አይደርስም። ሰገራው የገረጣ፣ ቅባት ያለው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍና ክፉኛ የሚሸት ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። ክሪዮን የጎደለውን ኢንዛይም የሚተካ ካፕሱል ነው፤ ካንሰሩን ግን አያክምም።

ብርቱካናማ ክዳንና ውስጡን የሚያሳይ አካል አለው። 25,000 የሚለው ቅባት የሚፈጨው ኢንዛይም፣ ማለትም የሊፔዝ፣ መጠን ነው። ስትገዙ ይህን ቁጥር አንብቡ፤ ለሆድ መነፋት የሚሸጡ ሌሎች የምግብ መፍጫ ኪኒኖች ሊፔዛቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለዚህ አይበቁም። 10,000 የሚለውን ካገኛችሁም ሁለቱ ተደምረው አንዱን 25,000 አያክሉም።

መነሻው በተለምዶ ለዋና ምግብ 2 ካፕሱል፣ ለመክሰስ 1 ነው፤ ከዚያ ሐኪሙ እንደ ሰገራውና እንደ ክብደቱ ይጨምራል። በቀን 3 ጊዜ ምግብና 3 ጊዜ መክሰስ ከሆነ 9 ካፕሱል ይሄዳል። 100 የያዘ ጠርሙስ 11 ቀን ነው የሚቆየው፤ የወር 270 ማለት ነው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚደረደር ዕቃ ስላልሆነ ከማለቁ 2 ሳምንት ቀድሞ መፈለግ ይሻላል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አወሳሰዱ ላይ ነው። ከምግብ በፊት ወይም ከበሉ በኋላ ቢዋጥ ከምግቡ ጋር ሳይገናኝ ያልፋል። የመጀመሪያው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር፣ ሁለተኛው ማዕዱ መሃል ላይ ሲደርስ ይዋጥ፤ ከእንግዳ ጋር እየተጨዋወቱ ቀስ ብሎ ለሚበላ ሰው ይህ ይበልጥ ይጠቅማል። የሚወርደው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቡና ያለ ወተት ከሆነ ካፕሱል አይፈልግም፤ ከቡናው ጋር ኦቾሎኒ ወይም ቂጣ በቅቤ ከመጣ ግን ይፈልጋል። አንድ ብርጭቆ ወተትም እንዲሁ።

መዋጥ ያቃተው ሰው ካፕሱሉን ከፍቶ ቡናማዎቹን ጥቃቅን ፍሬዎች በአንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ እርጎ ላይ ይበትናቸው፤ ሳያኝክ ወዲያው ውጦ ውሃ ይጠጣበት። እያንዳንዱ ፍሬ ከጨጓራ አሲድ የሚከልል ሽፋን አለው። ከታኘከ ወይም ከተፈጨ ሽፋኑ ይፈርሳል፣ በጉንጭና በድድ መካከል የቀረው ፍሬም አፍ ያቆስላል። እርጎው የተመረጠው ጎምዛዛ ስለሆነ ነው። ትኩስ አጥሚት ላይ መነስነስ ግን ኢንዛይሙን ያበላሻል።

ሙቀት ሌላው ጠላቱ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም። ደሴ ከፍታዋ ራሱ ይጠብቀዋል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ይልቁንም ባቲ የሚሄድ ሰው ግን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ጠርሙሱን አይተው። ክዳኑም ጠብቆ ይዘጋ፣ እርጥበት ያበላሸዋል።

በወሎ መነገር ያለበት ነገር አለ፦ ኢንዛይሙ የሚዘጋጀው ከአሳማ ቆሽት ነው። ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም ይህ ከባድ ነው። ደብቆ መስጠት ግን የሕመምተኛውን ክብር መንካት ነው፤ ቢሰማ መድኃኒቱንም አስታማሚውንም ላያምን ይችላል። በእኩል የተፈተነ ሌላ ምትክ በቀላሉ ስለማይገኝ ለሸሁ ወይም ለንስሐ አባቱ ከመጀመሪያው ቀን ሁኔታውን በግልጽ ማስረዳት ይገባል። የታመመ ሰው ስለ ጾሙም አብሮ ይጠይቅ፤ በሁለቱም እምነት ለሕመምተኛ የተተወ ቦታ አለ።

ሰገራው ቅባት ሲያሳይ ቅቤውን መቀነስ የተለመደ ምክር ነው። አንስማማበትም። የሚቀነሰው ቅባት ክብደት የሚመልሰው ጉልበት ነው፤ የሚስተካከለው ካፕሱሉ ነው። ምግቡ ትንሽ ትንሽ ሆኖ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ይቅረብ። ፕሮቲን ለ60 ኪሎ ሰው በቀን ከ72 እስከ 90 ግራም ያስፈልጋል፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ስለሚሰጥ እንቁላል ብቻውን አይሞላውም፣ እርጎና ሥጋ፣ በጾም ደግሞ ሽሮና ኦቾሎኒ ይታከሉበት። ሆድ የሚሞላ ጥሬ አትክልት ከዋናው ምግብ በፊት አይቅደም።

ካፕሱሉ በትክክል እየተወሰደ ቅባቱ ካልቀነሰ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፣ ወይም እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ያክልበታል። ምግቡ መፈጨት ሲጀምር የደም ስኳር ሊወጣ ይችላል፤ ቆሽቱ የታመመ ሰው ስኳሩ ይለካ።

ካፕሱሉ የማይደርስበትም መክሳት አለ። ካንሰሩ ራሱ ጡንቻ ሲበላና የምግብ ፍላጎት ሲዘጋ ካፕሱል ብቻውን ክብደት አይመልስም። የተበላው ከሰዓታት በኋላ በትውከት ከወጣ የጨጓራው መውጫ ተዘግቶ ይሆናል፤ ዓይን ቢጫ ሆኖ ሽንት ከጠቆረ የሐሞት ቱቦው ተዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል የሚያስሄዱ ናቸው። ክብደቱን በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ፣ በዚያው ሚዛን ለኩ። ሆድ ወይም እግር ካበጠ ግን ሚዛኑ የሚያሳየው ውሃውን ጭምር ነው፤ ያኔ ክንዱንና ጉንጩን እዩ።