የብር ቅብ ዕቃዎቼ ከዘጠኝ ወር በኋላ

የገዛኋቸው ግንቦት ላይ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ። አንድ ትሪ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ክዳን ያለው የስኳር ዕቃና ስድስት ማንኪያ፤ ሁሉም በ4,500 ብር። የትሪው ጠርዝ ተልጦ ቀዩ መዳብ ወጥቷል። ማንቆርቆሪያው ሆዱ ላይ ጠቁሯል። ሻጩ «ላስወልውልልሽ?» ሲለኝ እንቢ አልኩት። ደግ አደረግኩ።

ማንቆርቆሪያው ሥር «ኢፒኤንኤስ» የሚል ማህተም አለ። ውስጡ ብር አይደለም ማለት ነው። የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ሆኖ፣ ላዩ በኤሌክትሪክ ስስ ብር ተለብጦበታል። የእንግሊዝ ከተማ በርሚንግሃም ውስጥ ኤልኪንግተን የሚባሉ የብር ቅብ ዕቃ አምራቾች ይህን ዘዴ በስማቸው ያስመዘገቡት እንደ አውሮፓውያን በ1840 ነው።

ስስ መሆኑን የተማርኩት ግን ዕቃ አበላሽቼ ነው። ክረምት ሲገባና የደሴ ጉም ቤት ድረስ ሲዘልቅ የስኳር ዕቃው ጠቆረ። እንደ ድስት በአመድና በሽቦ ፈተግኩት። ክዳኑ ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጾ ነበር። የቅጠሎቹ ጫፍ ብሩ ተነሥቶ ቢጫ ሆነ። እስካሁን ይቆጨኛል። ጥቁሩ እኮ እድፍ አይደለም፤ ራሱ ብሩ ከአየር ሰልፈር ጋር ተዋህዶ ነው። በፈተጉት ቁጥር ብር ይሄዳል።

አሁን የማጸዳው የምንበላባቸውን ማንኪያዎች ብቻ ነው። ሳህን ላይ አሉሚኒየም ፎይል አነጥፋለሁ፣ ቤኪንግ ሶዳ እበትናለሁ፣ የፈላ ውሃ አፈስሳለሁ። ሰልፈሩ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል፤ ብሩ ባለበት ይቀራል። አጥቤ ወዲያው አደርቃለሁ። እንቁላል አላስነካቸውም። በላስቲክም አላስርም፤ አንዴ አስሬ የላስቲኩ መስመር ጥቁር ሆኖ ቀርቷል።

ትሪውን አልነካውም። ቡፌው ላይ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት፤ ከፊቱ ጀበናና ሲኒ። ቅርጹ ውስጥ የገባው ጥቁር አበባዎቹን ያወጣቸዋል። አዲስ የሚያብረቀርቅ ትሪ አጠገቡ አድርጌ ሞክሬ ነበር፤ ወዲያው አነሣሁት። መጀመሪያ ላይ ጎረቤቴ እትዬ «ምነው ልጄ፣ አታስወለውይውም?» ይሉኝ ነበር። አሁን ቡና ሲጠጡ ከአቦል እስከ በረካ ፊታቸው ወደ እሱ ነው።

ማንቆርቆሪያው አፉ ሥር ያንጠባጥባል። ስለዚህ ሻይ አልቀዳበትም፤ አበባ ይይዛል። ውሃው ቅቡን እንዳይበላው ውስጡ ብርጭቆ አስገባለሁ። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሞልቼው ነበር። ያ ቢጫ ከጠቆረ ብር ላይ እንዴት እንደሚደምቅ!